«እኔን» የተከለከለበት ሳምንት

ሰኞ
ዛሬ ከፊዚዮቴራፒ ክፍል ልባረር ምንም አልቀረኝም። ባለቤቴ ሐዋ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል እንደልማዴ «እኔን!» አልኩ። ደንግጣ ቀጥ አለች፤ እጇን ወገቧ ላይ ጫነች። ባለሙያዋ ቤዛ የልጃችን እኩያ ናት፤ ዓይኗ ግን ያስፈራል።
«ጋሽዬ፣ ምነው? እሳቸው እኮ ምንም አልሆኑም ነበር!»
እኔ በደነገጥኩ ቁጥር ሐዋም ትደነግጣለች፤ ጡንቻዋም አብሮ ይኮማተራል። ስለዚህ «እኔን» ከዛሬ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ተከልክሏል።

ለገሃር ካለው ሱቋ የጨርቅ ጣቃ ስታነሳ ወገቧ ቋ ካለ አራት ወር ሆነ። ከዚያ ወዲህ የምትሰግደው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ቤዛ በመጀመሪያው ቀን «ምን ማድረግ ቢችሉ ደስ ይልዎታል?» ብላት ነበር። ሐዋ ስለ ሱቁ አላነሳችም። «ግንባሬን መሬት ማስነካት» አለች።

ማክሰኞ
እስከ ምሳ ስድስት ጊዜ አመለጠኝ። ሠላሳ ዓመት ከሰው ጽሑፍ ትርፍ ቃል ስሰርዝ ኖሬ ከራሴ አፍ አንዲት ቃል መሰረዝ አቃተኝ።
ደግሞ ቃሉ ብቻ አይደለም። ጫማዋን አስራለሁ። ባልዲ አላስነካትም። ዛሬ የወደቀ ማንኪያ ቀድሜያት ሳነሳ ጮኸችብኝ።
«አንተ ሰውዬ፣ ተወኝ! በቁሜ ቀበርከኝ እኮ!»
መልሼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ጉልበቷን አጥፋ አነሳችው። ከዚያ በማንኪያው ትከሻዬን መታችኝ።

ሐሙስ
እንደገና ካዛንቺስ፣ ቤዛ ዘንድ። ሊፍቱ አይሠራም፤ ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጣች። አንዴ ብቻ ቆማ አረፈች።
ሐዋ የኤምአርአዩን ወረቀት በቦርሳዋ ይዛ ነው የምትዞረው። «ዲስክሽ ተንሸራቷል ተብያለሁ፤ እንዴት ልጎንበስ?» አለች። ቤዛ የእግሯን ጥንካሬና ስሜት ደጋግማ መረመረች። የሚያሰጋ ነገር አላገኘችም።
«እትዬ ሐዋ፣ የጋሽዬ ሽበት ያማቸዋል?»
«ሽበት ደግሞ ያማል እንዴ!»
«በዚህ ዕድሜ ብዙ ሰው ወገቡን ፎቶ ቢነሳ እንደዚሁ ይታይበታል። ብዙዎቹን ምንም አያማቸውም። ወገብዎ ብርጭቆ አይደለም፤ መጎንበስ ረስቷል፤ ቀስ ብለን እናስታውሰዋለን። እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ ግን ወዲያው ይደውሉልኝ።»
ልምምዱ ይህ ነው፤ ተንበርክኮ ግንባርን በተደራረቡ ሦስት ትራሶች ላይ ማሳረፍ። ሲቀልላት አንድ ትራስ መቀነስ።

ዓርብ
ሁለት ትራስ! ዝቅ ስትል «እ...» ብዬ ዋጥኩት።
«እ ምን?» አለች ከትራሱ ላይ።
«እ... እራት ምንድን ነው?»
ሳቋ ትራሱን አነቃነቀው። «ከምትታፈን አብሽሪ በል፤ አይዞሽ ማለትን ማንም አልከለከለህም።»
ደስ ብሏት ሱቅ ሄዳ ቀኑን ሙሉ ቆማ ዋለች።

ቅዳሜ
ክፉ ቀን። ከአልጋ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ፈጀባት። በእኔ ሐሳብ ነገሩ አበቃ። ቤዛ ጋ ደወልኩ። እግሯ አልደነዘዘም? አልደነዘዘም። ትናንት ምን ሠራች? ነገርኳት።
«በዝቶባቸው ነው እንጂ አልተጎዱም። ተኝተው አይዋሉ፤ ቤት ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይበሉ። ትራሱን ወደ ሦስት ይመልሱት፤ ግን እንዳይተዉት።»
ሐዋ ወንበሩ ላይ ሰገደች። ስትጨርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «አብሽሪ» አልኳት። ከሰዓት በኋላ ግን ሦስቱን ትራሶች ራሷ ደረደረቻቸው።

እሑድ
ጠዋት ቀለል ብሏታል። ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሰላት ስትነሳ ትራሶቹን በእግሯ ገፋ አደረገቻቸው። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። እጇ፣ ጉልበቷ፣ ከዚያ ግንባሯ መሬት ነካ።
አልተነሳችም። ጠበቅኩ። አሁንም አልተነሳችም። ያዛት ብዬ ላቤ መጣ፤ ሰላት አይቋረጥ ነገር። በመጨረሻ ቀስ ብላ ቀና አለች። በሰላምታ ሰላቷን እስክትጨርስ መጠበቅ ከበደኝ፣ ግን ቻልኩት።
«ምነው ቆየሽ? ያዘሽ እንዴ?»
«አልያዘኝም። አራት ወር ሙሉ የተጠራቀመብኝ ለአላህ የምነግረው ነገር ነበር።»
«ምን ነገር?»
«ስላንተ ነው፤ አይነገርህም።»
አሁን ይጠዘጥዘኛል ብላ ጋደም ብላለች። ነገ እንዴት እንደምትነሳ አላውቅም። መግሪብ፣ የምሽቱ ሰላት፣ ሊደርስ ነው፤ መስገጃዋን ግን አላጠፈችውም።