ነገ ጠዋት ሲጠይቁኝ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። ልጅህ በቁመት በልጣኛለች፤ አመሏ ግን ቁርጥ ያንተ ነው። ያለፉት ደብዳቤዎቼ ደርሰውህ እንደሆነ አላውቅም። «ስደላደል እወስዳችኋለሁ» ብለህ ከሄድክ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። የቤት ኪራዩን ብቻዬን መቻል ስላቃተኝ ሥራ ፍለጋ ወጥቻለሁ። ነገ ጠዋት አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ለእንግዳ ተቀባይነት ሥራ ሊጠይቁኝ ቀጥረውኛል።

ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ልታሰናዳኝ ሱቋን ዘግታ መጣች። «በዚህ ሽበት ከገባሽ ጥርስ ልታስተክይ የመጣሽ መስሏቸው ወረፋ ያስይዙሻል» ብላ ቀለም ቀባችኝ። ቀለሙ ወርዶ ግንባሬን አጠቆረው። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼ ነው! በሎሚ ብንል በሳሙና ብንል፣ ቆዳዬ ተላጠ እንጂ እሱ ንቅንቅ አላለም። ልጅህ ፀጉሬን ወደ ፊት ጣል አድርጋ ሸፈነችልኝ። ሽቶም ከለከሉኝ፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ያፍናል አሉ። የሸሚዜ ብብት ስፌቱ ስለሳሳ እጄን እንዳላነሣ ተመክሬአለሁ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ጥርሴ ነው። ያቺ የጎደለችው እንዳትታይ አፌን በእጄ ይዤ መሳቅ ለምጄ የለ? አፉን የሚደብቅ ሰው የጥርስ ክሊኒክ በር ላይ ማን ያስቀምጣል?

በመጨረሻ ፀጉር ሠሪዋ ጥፍሬን ልትሞርድልኝ ስትል የጋብቻ ቀለበቴን በሳሙና አንሸራታ አወለቀችው። ከሥሩ ያለው ቆዳ ፈዞ ሌላ ቀለበት መስሏል። እየሞረደች እንደ ሥራ አስኪያጅ ኮስተር ብላ ትጠይቀኝ ጀመር። ስለ ራሴም ስለ ትምህርቴም ደህና አድርጌ መለስኩላት።

«ባለትዳር ነሽ?» አለችኝ ቀጥላ።

ዓይኔን ወደ ባዶው ጣቴ መለስኩ።

«ምነው እቴ፣ ይሄ'ኮ ቀላሉ ጥያቄ ነው!» ብላ ሳቀች። ልጅህ የያዘችልኝን መስታወት አስቀምጣ ወጣች። ያን ጊዜ ፀጉር ሠሪዋም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ጥፍሬ አቀረቀረች።

አሁን ብቻዬን ነኝ። ሸሚዜ ተተኩሶ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ጫማዬም ተወልውሏል። ቀለበቱ እንዳለ ሳሙናው አጠገብ ነው። ላጠልቀው ተነሥቼ ነበር፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አዎ ብላቸው «የት ነው ያለው?» ይሉኛል። አይደለሁም ብል የልጄን ዓይን እንዴት አየዋለሁ? ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም። ምን ልበላቸው ብዬ ልጠይቅህ ነበር፤ ግን ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ እኔ መልሼ ጨርሻለሁ።

አምላክ ካለህበት ይጠብቅህ፤ እጅህ የነካውን ሁሉ ይባርክልህ።

የልጅህ እናት