ሰባተኛው ዘፈን ላይ የጠፋው ሻማ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 25

አራተኛው ዘፈን ላይ የሲዲ ማጫወቻዬ ባትሪ አለቀ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ዛሬ የእኛ ሰፈር ተራ ነው። ሱቅ ወርጄ ባትሪ ስገዛ ባለሱቁ «ለሬዲዮ ነው?» አለኝ። «ለፓወር ሜታል» ብለው ምን ሊል ነው? «አዎ፣ ለሬዲዮ» አልኩት።

የጋዜጣችን አዘጋጅ ጋሽ መኮንን አልበሙን ዘፈን በዘፈን እየነጠልኩ እንድተች አዘውኛል። እስከ ሐሙስ ማታ ይፈልጉታል፣ ቅዳሜ ይወጣል። «የጎረቤትሽ ልጅ ነው ብለሽ እንዳታቆላምጪው» ብለው አስጠነቀቁኝ። እኔ ላቆላምጥ! ዘፋኞቹ ምላጭ የሚሉኝ ለምን ሆነና?

ግን ቢኒ እውነትም ጎረቤቴ ነው። የእትዬ አስካለ ልጅ። የእነሱን ቤትና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ያ ጩኸት ከዘፈን ሳይቆጠር ጀምሮ እየሰማሁት ነው ያደግኩት። ከፍተኛውን ድምፅ ሲለማመድ መንገደኛ ቆሞ «ማን ሊወልድ ነው?» ይል ነበር። አሁን ከልደታ ልጆች ጋር ባንድ አቋቁሞ «የንጋት ፈረሶች» የሚል አልበም ሠራ። ፓወር ሜታል የሚሉት ይኸው ነው፦ ሩጫ ድራም፣ ሰማይ የሚነካ ድምፅ፣ ሰይፍ፣ ፈረስ፣ ዘንዶ፤ ሁሉም በአማርኛ። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

እስካሁን የያዝኩት፦

አንደኛ፣ «መክፈቻ»። ኪቦርድ ብቻ። ረዘመ። ፈረሱ እስኪጫን እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሁለተኛ፣ «የንጋት ፈረሶች»። ተጫነ! የባንዱ ድራም መቺ አቤል ድራሙን በሁለት እግሩ ሲረግጠው የጠረጴዛዬ ብርጭቆ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ፤ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ እንኳ።

ሦስተኛ፣ «ዘንዶው»። ልደታ ውስጥ ዘንዶ ከየት መጣ? ግጥሙ ውሃ አያነሳም። የጊታሩን ሶሎ ግን ደጋግሜ መለስኩት።

ማክሰኞ

መብራት መጣ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት።

አራተኛውና ስድስተኛው የሰይፍ ዘፈኖች ናቸው፤ ወንድማማች ይመስላሉ፣ አንዱ ቢቀር አይጎዳም። አምስተኛው «ዝናብ በጌጃ ሰፈር» ነው። ዝግ ያለ። ቆርቆሮ ላይ ስለሚወርድ ዝናብና ባልዲ ስለሚደረደርበት ቤት ይናገራል። ያን ቤት አውቀዋለሁ፣ ባልዲዎቹንም አውቃቸዋለሁ። አለቀስኩ። ምላጭ አለቀሰች ተብሎ እንዳይወራ እዚሁ ይቅር።

ማታ ስመለስ ልደታ ማርያም በር ላይ እትዬ አስካለን አገኘኋቸው። እንደ ሁልጊዜው ጧፍና ሻማቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል፤ የግንቦት ልደታ ስለደረሰች ሰው በዝቷል።

«ሰላምዬ፣ የልጄን ነገር ሰማሽው? ደህና ነው?»

«ጥሩ ነው እትዬ። እርስዎስ ሰሙት?»

«ለኔማ ከልክሎኝ! ሰባተኛው ያንቺ ነው፣ ለልደታ ንፍሮ ላይ በሰው ፊት ነው የማሰማሽ ይለኛል።» ፊታቸው ሁሉ ጥርስ ሆነ። «ሰይጣን ሰይጣን ይላል ሲሉኝ ከርመው ነበር እኮ። አሁን አፋቸውን ይይዛሉ።»

እሑድ ነው። ቢኒ ስፒከር ተከራይቷል፤ መንደሩ በሙሉ መንገዱ ላይ ወጥቶ ንፍሮ ሲቀቅል ያጫውተዋል። ደስ አለኝ።

ረቡዕ

ምነው ባልሰማሁት።

ሰባተኛው «የደጅ ሻማ» ይባላል። ስለ እናቱ ነው። ስንኞቹ ጥሩ፣ ዜማው ከሁሉም የተሻለ። ከዚያ አዝማቹ መጣ፦

«በዝናብ በፀሐይ ደጃፉ ላይ ቆማ፣
እናቴ ትሸጣለች፣ እናቴ ትሸጣለች!»

ሲጻፍ ምንም የለበትም። ችግሩ ሲዘፈን ነው። አቤል ሁለቱንም እግሩን የሚያሳርፈው ልክ «ሸ» ላይ ነው፤ ቢኒም ድራሙን ተከትሎ ሸን ያጠብቃታል። ሸ ስትላላ እናቱ ነጋዴ ናት። ሸ ስትጠብቅ እናቱ ራሷ ሸቀጥ ናት። ገበያ የወጣች፣ ዋጋ የተቆረጠላት። ስለ ሴት እንዲህ ሲባል ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል።

ጆሮዬን ተጠራጥሬ መለስኩት። እንደገና መለስኩት። ባሰበት። አዝማች ነውና ይደጋገማል፤ መጨረሻው ላይ ባንዱ በሙሉ እየጮኸ ይሸጣቸዋል።

ቢኒ ጋ ሄድኩ። ጌጃ ሰፈር ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ነው የሚለማመዱት። ነገርኩት።

«ጆሮሽ ነው» አለኝ።

«በናትህ አንዴ ተረጋግተህ ስማው።»

ግጥሙን አውጥቶ አፍንጫዬ ሥር ዘረጋው። «ይኸው! እናቴ ትሸጣለች። የቱ ጋ ነው ስድቡ?»

ወረቀት ላይማ የለም! ፊደላችን አይናገርም፤ የሚጠብቀውም የሚላላውም አንድ መልክ ነው። እሱ ደግሞ የጻፈውን እንጂ የዘፈነውን አይሰማም።

አቤል ጣልቃ ገባ። «መጀመሪያ ‹ሻማ ትሸጣለች እናቴ› ነበር። ሻማ ስትገባ ፍጥነቱ ይሰበራል፤ አውጣት ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሻማዋ ብትኖር ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር። ይህን ስላቸው ቢኒ ተነሳ። ሲዲው ታትሟል፣ ሙዚቃ ቤት ገብቷል፣ ምቀኝነት ነው፣ ጋዜጣ ላይ ማውጣት ከፈለግሽ አውጪው፤ ያልተባልኩት የለም። እኔም ዝም አላልኩም። በር ወርውሬ ወጣሁ።

ሐሙስ

የፈራሁት ደረሰ።

ጠዋት በተክለ ሃይማኖት ሳልፍ ሙዚቃ ቤቱ ስፒከሩን በር ላይ አውጥቶ ሰባተኛውን ይለቀዋል። አንድ ወያላ በታክሲው በር ተንጠልጥሎ አብሮ ይጮሃል። «እናቴ ትሸጣለች!» ሸን ጥርሱን ነክሶ አጠበቃት። ሌላው ወያላ «ስንት ነው?» አለው። ተሳሳቁ። ተሳፋሪውም ሳቀ።  ተክለ ሃይማኖት ያደረ ቀልድ ልደታ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል?

ከዚያ ጽሑፉ አለ። ስምንተኛውን፣ «ጎህ»ን፣ በሁለት መስመር ጨረስኩት፤ ቆንጆ ነው። ዘጠነኛው «መክፈቻ»ው ተመልሶ መጥቶ ነው፤ መዝጊያ ብለውታል። ሰባተኛው ላይ ተቀረቀርኩ።

ብዘለው፣ ሰባት የሌለበት ዘፈን በዘፈን ትችት ሊሆን ነው። ባወድሰው፣ ዋሽቼ እሑድ ቀን እትዬ አስካለን ለሰው አፍ መስጠቴ ነው። እውነቱን ብጽፈው ደግሞ «ሸ ስትጠብቅ» ብዬ ስድቡን በሺህ ወረቀት የማትመው እኔ ልሆን ነው። ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። በመጨረሻ ይቺን ብቻ አስቀመጥኩ፦

«ሰባተኛ፣ ‹የደጅ ሻማ›። ከአልበሙ የላቀው ዜማ። ነገር ግን ሻማው ጠፍቷል። ድምፃዊው ይፈልገው።»

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ። «ይሄ ምንድነው?»

«ቅኔ ነው።»

«ሰሙን አየሁት። ወርቁ የታለ?»

«ወርቁን ባለቤቱ ያውቀዋል።»

«ምላጭሽ ዶልዱማለች» አሉኝ፤ ግን አለፉት።

አርብ

እትዬ አስካለ ዛሬ አልወጡም።

የልደታ ዋዜማ ሊሆን፣ ገበያው ሊደራ! በራቸው ዝግ ነው። አንኳኳሁ። «ራሴን አሞኝ ነው ልጄ፣ ልተኛበት» አሉ፣ በሩን ሳይከፍቱ። ድምፃቸው የታመመ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ሰምተው ይሆን? ማን ነግሯቸው? ወይስ እውነትም ራሳቸውን ነው? ልጠይቅ ብል ምን ብዬ? «እትዬ፣ ልጅዎ ስለ እርስዎ የዘፈነውን ሰሙ ወይ?»

ቢኒ በግቢው ሲያልፍ ሰላም አላለኝም። ሰላም ብሎ ስሜን እንኳ አልጠራኝም።

ምሳ አልበላሁም። እናደዳለሁ፣ መልሼ እፈራለሁ። እኒህ ሴት አባቱ ከሞተ ጀምሮ በዚያ በር ላይ ሐሩርና ብርድ እየተፈራረቀባቸው አሳደጉት። ስማቸውን በክፉ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። አሁን ስማቸው ላይ ድራም እየተመታ ነው።

ቅዳሜ

ጋዜጣው ወጣ። ቢኒ በሬን ሊሰብረው ደረሰ።

«ሻማው ጠፍቷል ማለት ምን ማለት ነው? ቀለድሽብኝ?»

«ወርቁ ገብቶሃል፣ ያልገባህ አትምሰል።»

 ገብቶታል፤ አንገቱ ላይ ደም ሥሩ ሲነሳ አየሁት። እልኸኛ ግን እልኸኛ ነው። «ነገ አጫውተዋለሁ። ቃል ገብቼላታለሁ።»

«እሺ። ስታጫውተው ግን ጊታሩን ትተህ ፊታቸውን እይ።»

ሄደ። 

ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ ግቢው ውስጥ ለነገው ንፍሮ ስንዴና ባቄላ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ሥር አብጧል። አጠገባቸው ሻማ የሚጠቀልሉበት የጋዜጣ ክምር አለ፤ ከላይ የዛሬው ጋዜጣ። የእኔ ገጽ ግን ብቻውን ተነጥሎ፣ ተጣጥፎ፣ ድንጋይ ተጭኖበታል። ሻማ አልተጠቀለለበትም።

ቀና ብለው አዩኝ። «ነይ አግዢኝ» አሉ። ለቀምን። 

እሑድ፣ ግንቦት 1

እንዳይረሳኝ ሁሉንም በቅደም ተከተል።

መንገዱ ላይ ሳር ተጎዘጎዘ፣ ድስቱ ተጣደ፣ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀመጡ። እትዬ አስካለ ጭልፋውን ይዘዋል። ቢኒና አቤል ስፒከሩን አመጡ። ቢኒ ገመዱን ከሲዲ ማጫወቻው ጋር ሊያገናኝ ጎንበስ አለ።  ልሮጥና ገመዱን ልበጥሰው ሁሉ አሰብኩ።

እትዬ ዘነበች ቀደሟቸው። ከማዶ ግቢ ናቸው፣ ምላሳቸውን ቀበሌው በሙሉ ያውቀዋል። «አስካል» አሉ እየሳቁ፣ «ተክለ ሃይማኖት ላይ ወያላው ዋጋሽን ሲጠራ ሰማሁት። ስንት ገባሽ?»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። እኔ ያየሁት ቢኒን ነው። ገመዱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

እትዬ አስካለ ንፍሮውን አንድ ጊዜ አማሰሉ። «አንቺ አትጨነቂ ዘነቡ» አሉ። «ብሸጥም አንቺ አትገዢኝም። አቅምሽ አይችልም።»

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ዘነበች ራሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እትዬ አስካለ ግን አልሳቁም። ጭልፋውን እንደያዙ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንተ ልጅ። እኔን ስትሸጠኝ ሻማውን የት ጣልከው?»

ቢኒ እንደ ሕፃን አፉ ተንቀጠቀጠ። «ፍጥነቱ... ሻማ ስትገባ ፍጥነቱ ይሰበራል ብለን ነው፣ እማዬ።»

«ሻማ ይዞ ማን ይሮጣል? የሮጡበት ሻማ ይጠፋል።»

ገመዱን አስቀመጠው። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል «ተነስ፣ ንፍሮው ውስጥ ትገባለህ» ብለው መለሱት። «ይልቅ ዝፈንልኝ። እኔ እንደሁ እስካሁን ከአንተ አፍ አልሰማሁትም።»

ያለ ስፒከር፣ ያለ ድራም ዘፈነው። ሴቶቹ በዝግታ አጨበጨቡለት። «ሻማ ትሸጣለች እናቴ።» ሸ ላላች፣ ሻማዋም ቦታዋን አገኘች። ከፍተኛው ድምፅ ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ተሰነጠቀ፣ አልደረሰበትም። በትችት ብጽፈው ኖሮ «ድምፃዊው ከቃናው ወደቀ» እል ነበር። አልጽፈውም።

ንፍሮ በእፍኜ ሲሰጡኝ እትዬ አስካለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ሐሙስ ማታ የሻማ ደንበኛዬ ልጅ እፊቴ ዘፈነችው። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ሳለቅስ ዋልኩ። ለሱ እንዳትነግሪው።» አልነግረውም። እዚህ ጻፍኩት እንጂ።

ቢኒ ነገ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ሲዲዎቹን አምጡ ሊል ነው። ባለቤቱ እምቢ ሊል ይችላል። አቤል እንደገና እንቅረጽ ሲባል ፊቱን አጠቆረ፤ ስቱዲዮ በምን አቅም? ደግሞ ወያላውን ማን ዝም ያሰኘዋል? አላውቅም። ስወጣ ቢኒ «ሰላም» አለኝ። ስሜን ይሁን ሰላምታ አልለየሁም፤ ሁለቱንም ወሰድኩት።

ይህን እየጻፍኩ የመንደሩ ልጆች ንፍሮ እየቃሙ በደጃችን ሲያልፉ ያን ዘፈን ጀመሩ። ብዕሬን አቆምኩ። ጠጋ ብዬ በመስኮቱ አዳመጥኩ፤ ሸ ትጠብቅ ይሆን ትላላ ብዬ።

ሻማ አለበት።