ሴፕቴምበር የሚያልቅበት ቀን

መስከረም 22 ቀን 1972
የሴፕቴምበርን ሪፖርት ጨርሼ ላክሁ። ዋናው መሥሪያ ቤት ቡናውን ለውጭ ስለሚሸጥ ወሩን የሚፈልገው በፈረንጅ ነው። እኛ የምንመዘግበው በሀበሻ። የየፈረንጁ ወር መጀመሪያና መጨረሻ በሀበሻ ቀን ተሰልቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ኃላፊያችን ጓድ አብተው ፈርመውበታል። ሴፕቴምበር... ከነሐሴ 26 እስከ መስከረም 20። ከታይፒስቷ ከዙቤይዳ ጋር እስከ መንደራ ቆጪ ሰፈር በእግር ወረድን። ጫማዬን ጭቃ በላው።

ጥቅምት 4
አዲስ አበባ ካለው ዋናው መሥሪያ ቤት ቴሌግራም መጣ። በሴፕቴምበር ከሸቤ ተጫነ ካልነው አንድ መኪና ቡና ጎድሏል ይላል። ጓድ አብተው ሁለቴ አነበቡት። "የሸቤ መጋዘን ኃላፊ ያ ጴንጤው አይደል?"
ዘርሁንን ማለታቸው ነው። ከወላይታ የመጣ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው።

ጥቅምት 5
ዘርሁንን አሰሩት። የኢኮኖሚ አሻጥር ነው አሉ። አምና በዚሁ ቃል የተያዘው ሰውዬ የት ደረሰ? ማን ይጠይቃል...
ሚስቱ ልያ ቢሮ መጣች። "እቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። አንድ መኪና ሙሉ ቡና የት ይደበቃል?"

ጥቅምት 6
ባንክ ወረፋ ስጠብቅ የፈረንጅ ካላንደር ግድግዳው ላይ አየሁ። ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርኩ። ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች። መስከረም አንድ ቀን ዘግይቶ ገባ። ሴፕቴምበር ያለቀው መስከረም 19 ነው። የሸቤው መኪና የተጫነው በ20። ለእነሱ ኦክቶበር ነው። ምንም አልጠፋም። የኦክቶበርን ሪፖርት ሲዘጉ ያገኙታል። ግን ዘርሁን እስከዚያ...?

ጥቅምት 7
ለዙቤይዳ ነገርኳት።
"ማል ጎና፣ ምን እናድርግ፣ ሰናዬ? ወላሂ ዝም በይ። ግድግዳው ላይ ያለው ፊርማ የሳቸው ነው፤ ሪፖርቱን የሠራሽው ግን አንቺ ነሽ።"
እውነቷን ነው። ብናገር እኔ፤ ዝም ብል እሱ።

ጥቅምት 8
አልተናገርኩም። ምሳ አልበላሁም።

ጥቅምት 9
ገባሁ። ሁለት ካድሬዎች ከጓድ አብተው ጋር ተቀምጠዋል። መውጣት አልቻልኩም። "ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን ስድስት ሆነች..." አልኩ።
"ታዲያ ሉቃስን እንሰረው?" አለ አንዱ። ሳቁ። ጓድ አብተው አልሳቁም።
"ግድግዳው ላይ ያለው ተሳስቷል ነው የምትዪው?"
"ለዘንድሮ አይሆንም፣ ጓድ።"
"ውጪ።"
ወጣሁ። ከቤት ሊወስዱኝ ይመጣሉ ብዬ ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ጥቅምት 13
አዲስ አበባ መኪናውን በኦክቶበር መዝገብ አገኘሁት ብሏል። ዘርሁን ተፈታ። ፊቱ አብጧል፤ ሥራው ግን አልተመለሰለትም። የግድግዳው ወረቀት ተነሥቷል። ማን አነሣው? 
ከሰዓት ጓድ አብተው ጠሩኝ። "የሸቤ መጋዘን ንቁ ኃላፊ ይፈልጋል። ቀን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሰኞ ትሄጃለሽ።"
ልያን ልሰናበት ሄድኩ። እጄን ይዛ "እግዚአብሔር ይጠብቅሽ" አለችኝ። ምርቃት ነው። ለምን አስፈራኝ?

ኅዳር 5፣ ሸቤ
የመጀመሪያዬን መኪና ጫንኩ። ሾፌሩ ፍስሐ ሞተሩን አስነሥቶ "እትዬ፣ አይፈርሙልኝም እንዴ? መሸብኝ እኮ" አለ። ቀኑን በሀበሻም በፈረንጅም ጻፍኩ። ፈረምኩ። መኪናው ኮረብታውን እስኪዞር በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ካልደረሰ የሚመጡት ወደ እኔ ነው።
ሸኩር የሚባለው ጫኝ ጆንያ እያጠፈ አየኝ።
"ዘርሁንም እዚያው ጋ ነበር የሚቆመው" አለ።