የዘጋሁት በር

ማክሰኞ
ስልኩ ኔትወርክ ካጣ ቆየ። ከኦሃዮ፣ ከኮሎምበስ ከወጣን ሁለተኛ ቀናችን፤ ዋዮሚንግ ውስጥ አስፋልቱ አልቆ ጠጠር ይዘናል። ቀይ ገደል፣ ሣር፣ ከብት። ቤት የለም። ሥጋ ቤቴ ለአረፋ የሚያርደውን ሰንጋ ዘንድሮ ከአርቢው በቀጥታ ልገዛ ነው። የከብት መጫኛውን ትሬይለር የሚጎትተውን መኪና የያዘው የሚስቴ ወንድም ሰይድ ነው።

እዚህ ከፊት የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ያነሳል። ሰይድ፣ «አገሩ በሙሉ ሸሃዳ ያዘ እንዴ!» አለ። ሰላምታቸው ነው። እኛም ማንሳት ጀመርን።

ረቡዕ
የአርቢው የሚስተር ዴል የግጦሽ መሬት መግቢያ ላይ የሽቦ አጥሩ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘነው። ወርጄ ዘጋሁት። ወሎ ያደገ ሰው ክፍት በር አይቶ አያልፍም፤ ከብት የሰው ማሳ ከገባ ጠቡ በቀላሉ አይበርድም።

ሰንጋዎቹ ሻኛ የላቸውም እንጂ ነውር የለባቸውም። በዋጋ ተስማማን። ነገ እንጭናለን።

ሐሙስ
ዴል ፊቱን አጥቁሮ ጠበቀን። አንድ ሰው በሩን ዘግቶ ከብቶቹ ከበሩ ማዶ ያለውን ውኃ አጥተው አድረዋል፤ አንዲት ጥጃ በሽቦው ልትሾልክ ስትል እግሯ ተተልትሏል። እዚህ አገር በር እንዳገኙት ነው የሚተወው፤ ክፍቱ ክፍት፣ ዝጉ ዝግ።

ሰይድ በአማርኛ፣ «ጀማል፣ ዝም በል። ጭነን እንውጣ» አለኝ።

አሰብኩበት። ዝም ብል ዛሬ እጭናለሁ። ግን ትናንት ከኛ በቀር ያለፈ የለም፤ ነገ ይደርስበታል። እኔ ደግሞ የምፈልገው የዓመት ዓመት ሻጭ ነው። ዴልን «እኔ ነኝ» አልኩት፤ ለምን እንደዘጋሁትም ነገርኩት። ሳያስጭነን ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ባዶውን ትሬይለር ይዘን ወዳደርንበት ሞቴል ተመለስን።

ዓርብ
ጠዋት ሚስቴ ደወለች። «የሉዊስ ሴንተር ሰፈር ደንበኞቻችን ለአንድ ሰንጋ ሰባት ሰባት ሆነው ተቧድነዋል። ሰዉ ሁሉ ኮል እያደረገ ነው፤ ምን ልበላቸው?»
«አብሽሪ» አልኳት።

ባዶ ትሬይለር ይዞ ከመመለስ አንዴ መጠየቅ ይሻላል ብዬ ወደ ዴል ተመለስን። ጠጠሩ ላይ ፒክአፑ ከፊት መጣ። ጣቴን አነሳሁ። እሱ አላነሳም፤ አለፈን።
«በቃ፣ ቁርጡን ነገረህ» አለ ሰይድ።

በመስታወቱ አየሁት። አዙሮ ከኋላችን መጣ፣ ቀደመን፣ በሩ ጋ ወርዶ ቆመ። በሩ ዝግ ነው።
«ጥጃዋ በእግሯ ቆማለች» አለኝ። ቀጥሎ በአገጩ ወደ በሩ አመለከተ፦ «ዛሬ እንዴት አገኘኸው?»
«ዝግ።»
«ግቡ፣ ጫኑ» አለ። ከፈትኩ፣ ሰይድ ትሬይለሩን አስገባ፣ ዘጋሁ። የበሩን መንጠቆ ሁለቴ አየሁት።