ከገጽ 40 በኋላ

ጥቅምት 29

ሊያ ዛሬ አንድ ሙሉ ገጽ ሳትደናቀፍ አነበበች። እዚህ ዮርዳኖስ፣ ዓማን ተወልዳ ያደገች የአስር ዓመት ልጅ ናት፤ ዐረብኛው ይቀናታል። እናቷን፣ የእህቴን ልጅ ዘርፌን፣ ለሦስት ወር ልጠይቅ መጥቼ ኮሮና መንገድ ዘጋ። መንገዱ ሲከፈትም አልቸኮልኩም። በየጠዋቱ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት አማርኛ እናነባለን። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሽልማት ይገባታል። ወይብደህ ሰፈር ያለውን ይህን ቤት ከእኛ በፊት የተከራዩት ሰዎች የተዉት አንድ መጽሐፍ አለ፣ ሽፋኑ ላይ ጥቁር በር ያለበት። «እትዬ፣ የሚያስፈራውን!» አለች። መጀመሪያ እኔ ላንብበው አልኳት።

ኅዳር 1

ጨረስኩት። ደህና ነው፣ ከገጽ 41 እስከ 44 በቀር። የሞተች እናት ማዕድ ቀርባ የገዛ ጣቷን እየቆረጠች ልጆቿን ታጎርሳለች... ማን ይጽፋል እንዲህ ያለ ነገር? ሁለቱን ቅጠል በምላጭ አወጣሁ። በማስመሪያ፣ ስፌቱ ጥግ ድረስ። በሠላሳ አራት ዓመት የማስተማር ሥራዬ ስንቱን መጽሐፍ እንዲህ አጽድቻለሁ።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ አራት ቀን ሐዘር ነው፤ ከቤት መውጣት የለም። ዘርፌ ረቢየህ ሰፈር ቤት የምታጸዳላቸው ማዳም ዘንድ ልትቆይ ሄደች። ለልጇ «እሑድ ጠዋት እዚህ ነኝ» ብላታለች።

ኅዳር 3

«እትዬ፣ ከ40 ወደ 45 ዘለለ።»

አሮጌ መጽሐፍ ነው፣ ተቀዶ ይሆናል አልኩ።

«አልተቀደደም። በምላጭ ነው። ቀጥ ብሏል።»

ምን ልበል? ከ45 ቀጥዪ አልኳት።

ኅዳር 6፣ እሑድ

ሐዘሩ ተነሳ። ዘርፌ አልመጣችም። ደወለችልኝ... ኮሮና ይዟታል። ማዳም የጓሮውን ክፍል ሰጥተዋት ምግቧን በር ላይ ያስቀምጡላታል። «ለሊያ እንዳትነግሪብኝ እትዬ፣ በሞቴ። ሥራ በዝቶባት ነው በያት።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። ሊያ «እሺ» ብቻ አለች።

ኅዳር 9

የጎደሉትን ገጾች ሊያ ራሷ ጽፋቸዋለች። ደብተሯን ሳርም አገኘሁት።

አንዲት ሴት ትልቅ ቤት ልታጸዳ ትገባለች። ቤቱ በሩን ይዘጋባትና መጀመሪያ ድምጿን ይወስዳል። በየማታው በእሷ ድምጽ ለልጇ ይደውላል፦ «ነገ እመጣለሁ የኔ ቆንጆ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።» ልጅቷ ግን ታውቃለች። ከግድግዳው ውስጥ ሳል ይሰማታል።

ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እኔ ከቆረጥኩት ይኼ ይከፋል። ስንት ቀን ነው ብቻዋን ይህን ይዛ የተቀመጠችው? እኔ አጠገቧ ሆኜ...

ለዘርፌ ደወልኩ። «ዛሬ ትነግሪያታለሽ፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ።»

«ሕፃን ናት እኮ እትዬ!»

«የጻፈችውን ላንብብልሽ?»

አነበብኩላት። ረጅም ሳል... ከዚያ ለቅሶ። «አገናኚኝ» አለች።

ካሜራውን ከፍታ ክፍሉን አሳየቻት፦ አልጋውን፣ ክኒኑን፣ በር ላይ ያለውን ሳህን።

«መስኮቱ ይከፈታል?» አለች ሊያ። «እስቲ ክፈቺው።»

ዘርፌ ከፈተችው። ያኔ ነው ልጅቷ ያለቀሰችው። ወደ እኔ ዞራ «አንቺም ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

ኅዳር 10

ሁለቱን ቅጠል ሰጠኋት። የቆረጥኩት እኔ እንደሆንኩም ነገርኳት። አጠገቤ ተቀምጣ አነበበች። ጣቱ ጋ ስትደርስ ክንዴን ጨበጠች፣ ግን አላቆመችም።

«ይኼን ነው የደበቅሽኝ? የኔ ይብሳል።»

«የአንቺ ይብሳል።»

ሳቅን። አሳሳቋ ግን እንደ ወትሮው አይደለም። የትልቅ ሰው ሳቅ ይመስላል... ትንሽ ከነከነኝ። ቢሆንም ትናንት ሌሊት ሳትነቃ አደረች፣ ከስንት ቀን በኋላ።

ኅዳር 14

ጠዋት ስነሳ ሊያ ወንበር ስባ ትጠብቀኛለች።

«እትዬ፣ ቁጭ በይ። የምነግርሽ አለ።»

ትናንት ማታ የእናቷ ትኩሳት ተመልሶ ነበር። አሁን ወርዷል። ሐኪሙ ግን አምስት ቀን ጨምሪ ብሏታል። ይህን ሁሉ በተራ በተራ ነገረችኝ፣ እጄን ይዛ።

«የደበቅኩሽ እንዳይመስልሽ። ተኝተሽ ነበር።»

ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ክፉ ወሬ እንዲህ አድርጌ ለማንም ልጅ ነግሬ አላውቅም። አንድም ቀን።

«ሌላስ አለ?» አልኳት።

«የለም። ይኼው ነው።»

አመንኳት።