ድንጋዩን ተሸክሜያለሁ

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ሣህሌ፣ ቡልጋ።

አባቴ ሆይ፣ እንዴት ከረሙ? የጉልበትዎ ሕመም በዚህ ውርጭ አልበረታብዎም? ማሕሌት ቆመው ማደር ይችላሉ? እናቴስ እንዴት ናት? ዓይኗ ዛሬም ያነባል? ታናሽ እህቴ ዘርትሁን አድጋለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽዎትም። እንጦጦ በርዷል። በማገለግላት ወይዘሮ ግቢ ጠዋት ለፈትል ስንቀመጥ ጣታችን ደንዝዞ እንዝርቱ ያመልጠናል።

በጨው ነጋዴው በፉፋ የላኩብኝ ቃል ደርሶኛል። «ወንድምሽ ከቅኔ ቤት ቢባረር ዕዳው ያንቺ ነው፤ ድንጋይ ተሸክመሽ ከየኔታ እግር ሥር ውደቂ» ማለትዎን ምንም ሳያስቀር ነገረኝ። ሲነግረኝ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። የሆነውን ከሌላ ሰምተዋል፤ አሁን ደግሞ ከእኔ ይስሙ።

ዓምደ ሚካኤል ዓይን አፋር መሆኑን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እንግዳ ሲመጣ ከጎተራ ኋላ የሚደበቅ ልጅ ነው። ይህን ልጅ ገና ጢም ሳያበቅል ደበሎ አልብሰው፣ አኮፋዳ አስይዘው፣ ከመስቀል በኋላ እዚህ ቅኔ ቤት ሰደዱት። በዚያ ቤት ተማሪ የሚበላው ለምኖ ነው። በየሰው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ መጮኽ አለበት፤ ባዶ አኮፋዳ ይዞ የመጣ ከገበታ አይቀርብም። ዘመድ ቤት መብላትም ክልክል ነው፤ ትሕትናን ያጠፋል ይላሉ። እሱ ደግሞ ደጁ ድረስ ይሄድና ድምፁ እምቢ ይለዋል። ውሻው ይጮኻል፣ እሱ ዝም ይላል፣ ባዶውን ይመለሳል። «ዲዳው» ብለው ስም አወጡለት። ከበበ የሚባል ጎልማሳ ተማሪ ባየው ቁጥር፣ «አንተ ዲዳ፣ ማርያም በጥቅሻ አትሰማም እኮ!» እያለ ያስቅበታል።

አንድ ቀን ውኃ ልቀዳ ብወርድ ምንጩ ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። ጉንጩ ጎድጉዷል። «እታለም፣ ቅኔው አልከበደኝም፤ የሰው ደጅ ነው የከበደኝ» አለኝ። ቂጣ ብሰጠው እጁን ወደ ኋላ ደበቀ።

ከሰው ደጅ ያልተለመነ የማይበላ ከሆነ እኔ እለምንለታለሁ አልሁ። ጠጉሬን ተላጨሁ። ደበሎውን ለበስሁ፣ አኮፋዳውን አነገትሁ፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ የካ ቁልቁል ወረድሁ። ድምፄ ከእርስዎ የወረስሁት ነው፤ ማዶ ይሰማል። ሎሚ የምትባል ባልቴት ቆሎ በእፍኝ እየዘገነች፣ «የኔ ልጅ፣ ጢም ሳይኖርህ ይህን ድምፅ ከየት አመጣኸው?» ትለኝ ነበር። የሞላውን አኮፋዳ ቅኔ ቤቱ አጠገብ ካለው ጥድ ሥር ለወንድሜ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ይዞ ይገባል። ቀስ በቀስ ፊቱ መለስ አለ። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ዳዊት ከእሱ በፊት የጨረስሁ እኔ ነኝ። እሱን ቅኔ ሲያስተምሩት ጓዳ ሆኜ ቀድሜ የምመልስ እኔ ነበርሁ። «ሴት ልጅ ቅኔ ቤት ምን አላት?» ብለው እንዝርት ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት። ያን ደበሎ ስለብስ ብርዱ እንኳ አልተሰማኝም።

አንድ ማለዳ ከበበ እኔ ከቆምሁበት ደጅ ደረሰ። ወንድሜ መሰልሁት። «ዲዳው ተናገረ! ኧረ ተአምር!» ብሎ ደበሎዬን ከኋላ ሲጎትት ማን እንደሆንሁ አየ። እየጎተተ ቅኔ ቤቱ አደረሰኝ። የኔታ አንዲት ቃል አልጠየቁኝም። ወደ ተማሪው ዞረው፣ «ሴት በማርያም ስም አታልላለች። ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ፤ አለዚያ ወንድሟ ይውጣ» ብለው ፈረዱ።

እምቢ ብዬ ተቀመጥሁ። የማርያምን ስም የጠራሁት ለተራበ ነው፤ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? ከዚያ የእርስዎ ቃል መጣ። በማግሥቱ ዓምደ ሚካኤልን ከወይዘሮዪቱ ደጅ ቆሞ አገኘሁት። ድንጋይ ይዟል። አንገቴን እንዳይፍቀኝ ከወንዝ ዳር ለስላሳውን መርጦ ነው ያመጣው።

ተሸክሜ ሄድሁ። ተማሪው ግራና ቀኝ ቆሞ ሲያይ ተንበረከክሁ። የኔታ ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ሳያነሡ «አጥፍቻለሁ ትበል» አሉ። ደገሙት። አፌ ግን አልተከፈተም። ያን ጊዜ ከተማሪው መካከል ድምፅ ተሰማ፤ የማን እንደሆነ እኔ እንኳ ወዲያው አልለየሁትም። «አጥፍታለች! እኔ ስለ እሷ ይቅርታ እለምናለሁ!» አለ። ወንድሜ ነው። ከበበ እንኳ አልሳቀም። የኔታ ቀና አሉና፣ «ይኸው ተናገረ። እሱ ይቆይ። እሷ ትሂድ፤ ሁለተኛ ከእሱ ጋር እንዳትታይ» አሉ።

ድንጋዩን አውርጄ ወጣሁ። እኔን ሊያድን ይሁን ራሱን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዳልጠይቀውም ተከልክያለሁ። ሎሚ እንደነገረችኝ አሁን ከደጅ ደጅ እየዞረ ሳያፍር ይጮኻል፤ ሆዱም ይጠግባል። እንግዲህ ደስ ይበልዎ፣ ልጅዎ አፉን ፈታ። ጮኾ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል በእኔ ላይ መሆኑን ግን ይወቁልኝ።

ከካህናቱ ጋር ሲጫወቱም «ልጄ ጥፋቷን አምና ይቅርታ ጠየቀች» አይበሉ። አላመንሁም፣ አልጠየቅሁም። ያለው እሱ ነው።

እናቴን ዓይኗን ይሳሙልኝ፤ መላጨቴን ሰምታ ካለቀሰች ጠጉሬ እየበቀለ ነው ይበሏት። ጎረቤታችንን እማማ አባይነሽን፣ እርሻችንን የሚያርሰውን ገረሱንም ሰላም ይበሉልኝ። ዘርትሁንን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ዳዊት ጀምራለች ሲሉ ሰምቻለሁ። አስጨርሰው እንዝርት የሚያስይዟት ከሆነ፣ አባቴ፣ ከአሁኑ ይተዉላት።

ልጅዎ የማርያምወርቅ
እንጦጦ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፰፻፹ ዓመተ ምሕረት