ከነቁጣው የተጻፈ ሰዋስው፦ የወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ሙላት የሕይወት ታሪክ

ከጉባኤ ቤት ግድግዳ ጀርባ ጥጥ እየፈተሉ ያደጉት እናታችን ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት፣ ከአባታቸው ከየኔታ ሙላት ዓባይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማንጠግቦሽ አወቀ በ1912 ዓ.ም. የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ዲማ ተወለዱ።

አባታቸው የግእዝ ሰዋስው መምህር ነበሩ። ቃል ብቻውን ሲቆም ግማሽ ነው፤ ማን እንዳደረገ፣ በማን ላይ እንደተደረገ የሚያስታውቀው አገባቡ ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር። ሴት ልጅ ከተማሪ ጋር ስለማትቀመጥ እናታችን በውጭ ሆነው ይሰሙ ነበር። ፊደል አልቆጠሩም፤ ጆሯቸው ግን ምንም አያመልጠውም ነበር።

በ1930 ዓ.ም. የጣሊያን ወታደሮች አርበኛ አብልተሃል ብለው የኔታን ደብረ ማርቆስ ወስደው አሰሯቸው። ቤታቸውም፣ ቅጂ ከሌለው የሰዋስው መጽሐፋቸው ጋር ተቃጠለ። ተማሪው ተበተነ፤ እናትና ልጅ ሮብ ገበያ ዘመድ ቤት ተጠጉ። የኔታ ካልተመለሱ የዕድሜ ልክ ትምህርታቸው አብሯቸው ሊቀር ነበር።

ተከትለዋቸው የመጡት ተማሪ ፈንታ የሽዋስ የያዙት ግማሹን ብቻ ነው። አንድ ቀን ሲያጠኑ ቢጠፋባቸው፣ እናታችን ገብስ እያበጠሩ ቀጠሉላቸው። ፈንታ በማግስቱ ብራና መፋቅ ጀመሩ።

ሁለት ዓመት ሙሉ እናታችን ሲናገሩ ፈንታ ጻፉ። እናታችን የያዙት እንደሰሙት ስለነበረ የአባታቸው ቁጣም አብሮ መጣ። በትምህርቱ መካከል «አንተ ፈንታ፣ ጆሮህን የት ጥለኸው መጣህ?» የሚል አለ። ምስኪኑ ፈንታ የመምህራቸውን ቃል መቁረጥ ፈርተው የገዛ ተግሣጻቸውን በእጃቸው ጻፉት።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ሲለቅ የኔታ ከስተውና ዓይናቸው ደክሞ ተመለሱ። ዲማ ላይ ጉባኤ ቤቱ እንደገና ተሠርቶ የተበተነው ተማሪ ሲሰበሰብ፣ ፈንታ መጽሐፉን ያነቡላቸው ጀመር። ቁጣው ላይ ሲደርሱ የኔታ አስቆሟቸው።

«ይኼን ማን አስያዘህ?»

«ወለተ ሐዋርያት ናት፣ የኔታ። ይፋቅ ይሆን?»

የኔታ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው «ተወው፣ አትፋቀው» አሉ። ያን ዕለት ልጃቸውን ከግድግዳው ጀርባ አስጠርተው ከጉባኤው መካከል፣ ከአጠገባቸው አስቀመጧቸው።

እናታችን በ1934 ዓ.ም. ከፈንታ ጋር ተጋብተው አራት ልጆች ወለዱ። ፊደልም ከባለቤታቸው ተማሩ፤ በማስተማሩ ግን ባለቤታቸውን በለጧቸው፤ አባታችንም ይህን ለእንግዳ ሁሉ ሲያወሩ ደስ ይላቸው ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ከደጃቸው ተማሪ አልጠፋም።

ባደረባቸው ሕመም በተኙበት ሰሞን የልጅ ልጃቸው ሥራነሽ መጽሐፉን ስታነብላቸው፣ ያሳፍራል ብላ ቁጣውን ዘለለችው። እናታችን ዓይናቸውን ሳይገልጡ የዘለለችውን ቃል በቃል፣ በአባታቸው ድምፅ ሞሉላት። መጋቢት 5 ቀን 1996 ዓ.ም. በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። አራት ልጆችና አሥራ አንድ የልጅ ልጆች አፍርተዋል።

አምላካችን ነፍሳቸውን ከግድግዳው ጀርባ ሳይሆን ከጉባኤው መካከል፣ ከአባታቸው አጠገብ ያስቀምጥልን። አሜን።